ስለ ፋይል ስምና ስለ ቅጥያው

በዛሬው ጊዜ የአንድ አስመጪ ወይም የአንድ ላኪ መዝገብ ቤት በመደርደሪያ ላይ ከተሰለፉት ክላሰሮች ይልቅ በኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል። ከባንክ የሚመጣው የኤል ሲ ማስታወቂያ፣ ከመርከብ ወኪል የሚላከው ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የሱቁ የዕለት ደረሰኝ ሳይቀር ፎቶግራፍ እየተነሣ ወይም በስካነር እየተነበበ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ፋይሉ በዓመት ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር በሆነ ጊዜ፣ አንድ በአንድ እየከፈቱ ስም መስጠትና መልክ ማስያዝ የአንድ ጸሐፊ ጣት የሚችለው ሥራ አይደለም። ስለዚህ አንዳንድ የንግድ ቤቶች ይህን ሥራ የሚያከናውን አጭር ፕሮግራም በባለሙያ ያስጽፋሉ። ፕሮግራሙ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሺሕ ፋይል ስም ይለውጣል፤ በዚያችው ደቂቃ ውስጥም ሺሕ ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። የጥፋቱም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ነጥብ የሚበልጥ አይደለም።

የማናቸውም ፋይል ስም በተለመደው አጻጻፍ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ሰው የሚያወጣለት ስም ነው። ሁለተኛው ክፍል ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣው አጭር ቍራጭ ሲሆን የፋይሉን ዐይነት ያመለክታል፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ ኤክስቴንሽን፣ በአማርኛ ቅጥያ የሚባለው ነው። ‹‹ኢንቮይስ-45.ፒዲኤፍ›› በሚለው ውስጥ ‹‹ኢንቮይስ-45›› ስሙ፣ ‹‹.ፒዲኤፍ›› ደግሞ ቅጥያው ነው። ቅጥያዎች በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ እዚህ ለንባብ እንዲቀሉ እንደ አጠራራቸው በአማርኛ ፊደል ተጽፈዋል።

ይህ ልማድ የመጣው ከድሮዎቹ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ነው። አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የሠራው ሲፒኤም የተባለ ሥርዐት፣ ከርሱም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ፣ ለአንድ ፋይል ስም ስምንት ፊደል፣ ለቅጥያው ሦስት ፊደል ብቻ ይፈቅዱ ነበር። በዶስ ዲስክ ላይ ነጥቡ ራሱ አይጻፍም ነበር፤ ስምንቱና ሦስቱ ፊደሎች በተወሰነላቸው ቦታ ስለሚቀመጡ ስሙ የት እንደሚያልቅ፣ ቅጥያው የት እንደሚጀምር ያለ ነጥብ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ዊንዶውስ 95 ሲወጣ እስከ 255 ፊደል የሚደርስ ረጅም ስም ተፈቀደ፤ በዚህ ረጅም ስም ውስጥም ነጥቡ ከሌሎቹ ፊደሎች እንደ አንዱ ሆኖ ተጻፈ። ዩኒክስና ከርሱ የተወለደው ሊኑክስ ደግሞ ከመጀመሪያውም ነጥብን እንደ ማናቸውም ፊደል ነበር የሚቈጥሩት። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ቅጥያውን ከስሙ የሚለይ ድንበር በዲስኩ ላይ የለም። ፕሮግራሙ ድንበሩን የሚያገኘው ስሙን አንብቦ በግምት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ጉዳቶች ብዙዎቹ ከዚህ ግምት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቅጥያ ምልክት እንጂ ዕቃው አለመሆኑ ነው። በጆንያ ላይ ‹‹ይርጋጨፌ›› ብሎ መጻፍ በውስጡ ያለውን ቡና ይርጋጨፌ እንደማያደርገው ሁሉ፣ የፎቶግራፍ ፋይል ቅጥያ ከ‹‹.ጄፒጂ›› ወደ ‹‹.ፒዲኤፍ›› ቢለወጥ ፋይሉ ፒዲኤፍ አይሆንም። ይህን ስሕተት የሚፈጽሙ ጸሐፊዎች ጥቂቶች አይደሉም፤ ባንኩ ወይም ትራንዚተሩ ፒዲኤፍ ብቻ እቀበላለሁ ሲል የፎቶግራፉን ቅጥያ ለውጠው ይልካሉ። ተቀባዩ ሊከፍተው ሲሞክር ፋይሉ አልከፈትም ይላል፤ ደብዳቤ እስኪመላለስ ድረስ ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ቆሞ ኪራይ ይቈጠርበታል። በፕሮግራም የሚሠራ ሰውም በዚሁ ይሳሳታል፤ ቅጥያን የሚለውጥ ትእዛዝ የሚለውጠው ጽሑፉን ብቻ ነው። ፎቶግራፉን በእውነት ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥ ውስጡን አንብቦ እንደ ገና የሚጽፍ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ጆንያው ተፈትቶ ቡናው እንደሚታይ የፋይልም ውስጥ ሊታይ ይችላል። አብዛኞቹ የፋይል ዐይነቶች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባይቶች ላይ የራሳቸው ማኅተም አላቸው። ፒዲኤፍ የሚጀምረው በመቶኛ ምልክትና ‹‹ፒዲኤፍ›› በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደሎች ነው። አዲሱ የኤክሴል ሠንጠረዥና አዲሱ የወርድ ጽሑፍ ሁለቱም በ‹‹ፒኬ›› ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም በእውነቱ የታሸጉ የዚፕ ጥቅሎች ናቸው፤ ፒኬም ዚፕን እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደሎች ናቸው። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ በ‹‹ኤምዜድ›› ይጀምራል፤ ይህም በማይክሮሶፍት ይሠራ የነበረው የማርክ ዝቢኮቭስኪ ስም መነሻ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም ቅጥያውን ካነበበ በኋላ እነዚህን ጥቂት ባይቶች አንብቦ ምልክቱና ዕቃው መስማማታቸውን ይመረምራል። ሥራው ከአምስት መስመር የሚበልጥ አይደለም።

ምልክት ብቻ ነው ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በቅጥያ ላይ የአንዲት ፊደል ልዩነት ምን ያህል እንደሚያመጣ በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ፣ የኮሮና በሽታ ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪዎች እየተሰበሰበ ሲመዘገብ፣ የአገሪቱ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ በድሮው የኤክሴል ዐይነት፣ ማለት በ‹‹.ኤክስኤልኤስ›› የሚቀመጥ ነበር። ይህ ዐይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። በ2007 የወጣው ‹‹.ኤክስኤልኤስኤክስ›› ግን 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ሠንጠረዡ ሲሞላ የተረፈው ውጤት ሳይመዘገብ ቀረ፤ በዚህም ምክንያት ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ድረስ የ15,841 በሽተኞች ውጤት በየዕለቱ ከሚወጣው ቍጥር ጐደለ፤ ከነርሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች የማፈላለጉም ሥራ ዘገየ። ብዙ ዐይነት ዕቃ የሚሸጥ የጅምላ ነጋዴም የሽያጭ መዝገቡን በአሮጌው ዐይነት ቢያስቀምጥ ያው ዕጣ ይደርስበታል። ፕሮግራም የሚያስጽፍ ሁሉ መዝገቡ በየትኛው ቅጥያ እንደሚወጣ ቢጠይቅ አይከፋም።

ፓይተን ነጥቡን እንዴት እንደሚያነብ

እንደዚህ ላሉ የቢሮ ሥራዎች ከሚመረጡት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ፓይተን ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ፓዝሊብ የተባለ ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል የአንድ ፋይል ስም ሲሰጠው ቅጥያውን ሰፊክስ፣ ቅጥያው የተነሣለትን ስም ደግሞ ስቴም እያለ ለይቶ ያቀርባል። ዊዝ ሰፊክስ የሚባለው ሦስተኛ ትእዛዝ ያለውን ቅጥያ ቈርጦ በቦታው ሌላ ይተካል። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ቀላል ሕግ ነው፤ ከመጨረሻው ነጥብ ጀምሮ እስከ ስሙ መጨረሻ ያለው ሁሉ ቅጥያ ነው። በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለ ብቸኛ ነጥብ ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቃል የታወቀ የፋይል ዐይነት ይሁን፣ ዓመት ይሁን፣ የድርጅት ስም ይሁን ሕጉ አይጠይቅም።

ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን አይበቃውም፤ ምክንያቱም በአማርኛ ቢሮ ነጥብና እዝባር ለማሳጠሪያ የሚያገለግሉ የዘወትር ምልክቶች ናቸው። ‹‹ዓ.ም››፣ ‹‹አ.አ››፣ ‹‹ኃ.የተ.የግ.ማ›› ሳይጻፍ የሚውልበት ቀን የለም። አንድ ጸሐፊ ፋይሉን ‹‹የሽያጭ ውል ከገዢው ኃ.የተ.የግ.ማ›› ብሎ ቅጥያ ሳይጨምርበት ለፕሮግራሙ ቢሰጥ፣ ፓይተን የፋይሉ ዐይነት ‹‹.ማ›› ነው ይላል። ‹‹ኢንቮይስ ቁ. 45 ይርጋጨፌ›› ብሎ ቢሰጥ ደግሞ ‹‹. 45 ይርጋጨፌ›› የሚል ቅጥያ ያወጣለታል። ይህ የሚያስቅ ነው፤ ግን ፕሮግራሙ አይሥቅም፣ እንደ ትክክለኛ ነገር ተቀብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሁሉንም ቅጥያዎች በዝርዝር የሚያወጣ ሌላ ትእዛዝም አለ፤ ይኸውም እንደ ‹‹.ታር.ጂዜድ›› ሁለት ቅጥያ ላላቸው ጥቅሎች የታሰበ ነው። የኩባንያው ስም ያለበት ፒዲኤፍ ለዚህ ትእዛዝ ቢሰጥ ‹‹.የተ››፣ ‹‹.የግ››፣ ‹‹.ማ››፣ ‹‹.ፒዲኤፍ›› የሚሉ አራት ቅጥያዎች ይመልሳል።

እዝባሩ ከነጥቡ የባሰ ነው። ‹‹ኃ/የተ››፣ ‹‹ወ/ሮ››፣ ‹‹ቁ 45/2017›› የሚሉት አጻጻፎች በደብዳቤ ላይ የለመዱ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እዝባር ፎልደርን ከፋይል የሚለይ ምልክት ስለ ሆነ በፋይል ስም ውስጥ ሊገባ አይችልም። ጸሐፊው በዊንዶውስ መስኮት ላይ ሊጽፈው ቢሞክር ወዲያው ይከለከላል፤ በዚህ ጊዜ ጉዳት የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ስሙን ፕሮግራሙ ራሱ ከመዝገብ ላይ እየወሰደ ሲያወጣ ነው። ‹‹ደብዳቤ ቁ 45/2017.ፒዲኤፍ›› የሚለውን ፓይተን ‹‹ደብዳቤ ቁ 45›› በሚባል ፎልደር ውስጥ ያለ ‹‹2017.ፒዲኤፍ›› የሚባል ፋይል አድርጎ ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ፎልደር ከሌለ ፕሮግራሙ ስሕተት ብሎ ይቆማል፤ የሌለውን ፎልደር እየፈጠርክ ሂድ ተብሎ የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አንዳንድ ፎልደር እየሠራ መዝገብ ቤቱን ይበትነዋል። በዊንዶውስ ላይ ከእዝባሩ ጋር የተከለከሉት ምልክቶች በጠቅላላው ዘጠኝ ናቸው፤ የላቲኑ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክቱ ከነርሱ ውስጥ ናቸው። የአማርኛው ሁለት ነጥብ በዐይን ቢመሳሰልም ለኮምፒዩተሩ ሌላ ፊደል ስለ ሆነ አይከለከልም፤ አራት ነጥቡም እንደዚሁ የቅጥያ ነጥብ ተደርጎ አይቈጠርም።

የሠላሳው ደረሰኝ ነገር

ለምሳሌ ያህል በመርካቶ አንድ ባለ ሱቅ አለ እንበል። በየማታው የዕለቱን የሽያጭ ማጠቃለያ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ የፋይሉን ስም በቀኑ ይሰይማል። የጥቅምት 2017 ዓ.ም. ፎቶግራፎች ስማቸው ከ‹‹2017.2.1.ጄፒጂ›› እስከ ‹‹2017.2.30.ጄፒጂ›› ነው። ለሒሳብ ዐዋቂው የሚሰጡት በፒዲኤፍ ስለ ሆነ፣ ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ያስጽፋል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ቅጥያውን አንሥቶ ‹‹2017.2.1›› የሚለውን ስም በዝርዝር መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ይህ ትክክል ነው። ቀጥሎ ያንኑ ቅጥያው የተነሣለትን ስም ወስዶ ዊዝ ሰፊክስ በሚለው ትእዛዝ ‹‹.ፒዲኤፍ›› እንዲተካበት ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ደረሰ። ጄፒጂው አስቀድሞ ስለ ተነሣ፣ አሁን የመጨረሻው ነጥብ ከቀኑ በፊት ያለው ነጥብ ነው፤ ፓይተንም ‹‹.1›› ቅጥያ ነው ብሎ ቈርጦ ይጥለዋል። የተቀመጠው ፋይል ‹‹2017.2.ፒዲኤፍ›› ሆነ። የሁለተኛው ቀንም ‹‹2017.2.ፒዲኤፍ››፣ የሦስተኛውም ‹‹2017.2.ፒዲኤፍ›› ይሆናል፤ እያንዳንዱም በፊተኛው ላይ ይጻፍበታል። ሠላሳ ማጠቃለያ ገብቶ አንድ ወጣ። ፕሮግራሙ አንድም የስሕተት ቃል ሳይናገር ሥራው ተፈጽሟል ብሎ ያበቃል፤ በዝርዝሩም ላይ ሠላሳው ስም በትክክል ተጽፎ ይታያል።

የቀረውስ የየትኛው ቀን ነው? የ30ኛው ቀን ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ፋይሎቹን በፊደል ተራ አሰልፎ የሠራ እንደ ሆነ የቀረው የ9ኛው ቀን ነው። ኮምፒዩተር የፋይል ስም ሲያሰልፍ ቍጥሩን እንደ ቍጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ስለሚመለከተው፣ 1 ከዚያ 10፣ 11 እያለ እስከ 19 ሄዶ ወደ 2 ይመለሳል፤ 30ም በ3 እና በ4 መካከል ይገባል፤ 9 ከሁሉ በኋላ ይመጣል። የቀሩት 29 ቀኖች ከነፎቶግራፋቸው ተሰርዘው ከሆነ የሚመለሱበት መንገድ የለም፤ ባለ ሱቁም ነገሩን የሚያውቀው ምናልባት ከወራት በኋላ፣ የግብር መርማሪ ሰነዱን በጠየቀበት ቀን ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። ቅጥያ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት፤ ከተነሣ በኋላ አዲሱ ቅጥያ በመተካት ሳይሆን በስሙ ጫፍ ላይ በመቀጠል መጨመር አለበት። ወይም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉው ስም፣ ማለት ‹‹2017.2.1.ጄፒጂ››፣ ለዊዝ ሰፊክስ ቢሰጥ ትክክለኛውን ‹‹2017.2.1.ፒዲኤፍ›› ያወጣል። ከዚህም ሁሉ የሚሻለው ለፕሮግራሙ የታወቁ ቅጥያዎችን ዝርዝር መስጠት ነው፤ በንግድ ቤት ውስጥ የሚያስፈልጉት ከአሥር አይበልጡም። ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ካልተገኘ ፕሮግራሙ ቅጥያ ነው ብሎ መቍረጡን ትቶ ፋይሉን ለሰው ምርመራ ወደ ጐን ያኑረው። ዝርዝሩ ሲዘጋጅ የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። አንዳንድ ካሜራና ስካነር ቅጥያውን በትልቅ ፊደል ይጽፋሉ፤ ዊንዶውስ ሁለቱን መልኮች እንደ አንድ ሲቀበል፣ ፓይተን ቃልን ከቃል ሲያስተያይ ግን ይለያያቸዋል። ስለዚህ ከማስተያየት በፊት ሁሉን ወደ ትንሽ ፊደል መመለስ ነው። የፎቶግራፍም ቅጥያ በሦስት ፊደል ‹‹ጄፒጂ››፣ በአራት ፊደል ‹‹ጄፒኢጂ›› ተብሎ ሲጻፍ ዐይነቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከዶስ ዘመን የሦስት ፊደል ወሰን የቀረ ቅርስ ነው።

በሌላ ፋይል ላይ መጻፍን በሚመለከት ባለሙያው ሁሉ የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ፓይተን የፋይል ስም የሚለውጥበት ሪኔም የተባለው ትእዛዝ በሁሉ ቦታ አንድ ዐይነት ጠባይ የለውም። በዊንዶውስ ላይ በአዲሱ ስም የሚጠራ ሌላ ፋይል አስቀድሞ ካለ ትእዛዙ እንቢ ብሎ ስሕተት ይናገራል። በሊኑክስ ላይ ግን የነበረውን ፋይል ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ አጥፍቶ አዲሱን በቦታው ያኖራል። ስለዚህ በጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ለወራት በደኅና የሠራ ፕሮግራም፣ ድርጅቱ አድጎ ሰነዶቹ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር በተዛወሩ ዕለት ሰነድ መብላት ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት ‹‹በዚህ ስም የሚጠራ ፋይል አለን?›› ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ አንድ መስመር ብቻ የሚፈጅ ነው፤ የዚህን መስመር መኖር ፕሮግራሙን የሚረከበው ነጋዴ ራሱ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሁለት ቅጥያ ያለው ኢንቮይስ

እስካሁን የተነገረው በራስ እጅ የሚመጣ ጉዳት ነው። በሌላ ሰው ተንኰል የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ሜይ 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ከፊሊፒንስ የተነሣ አንድ የኢሜይል መልእክት በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን አበላሸ። ከመልእክቱ ጋር የተያያዘው ፋይል የፍቅር ደብዳቤ የሚል ስም ይዞ ‹‹.ቲኤክስቲ.ቪቢኤስ›› በሚሉ ሁለት ቅጥያዎች ያበቃ ነበር። ዊንዶውስ የታወቁትን ቅጥያዎች ሰውሮ ስለሚያሳይ፣ ተቀባዩ የሚያየው ተራ ጽሑፍ የሚያመለክተውን ‹‹.ቲኤክስቲ›› ብቻ ነው፤ የተሰወረው የመጨረሻው ቅጥያ ግን ፋይሉ የሚሠራ ፕሮግራም መሆኑን ይናገር ነበር።

ዊንዶውስ ካልተከለከለ በስተቀር ዛሬም ይህንኑ ያደርጋል። የዛሬዎቹ አታላዮች የፍቅር ደብዳቤን ትተው ለነጋዴ የሚስማማውን ስም መርጠዋል፤ ‹‹ፕሮፎርማ ኢንቮይስ››፣ ‹‹የክፍያ ማስረጃ››፣ ‹‹የተሻሻለ የባንክ ሒሳብ ቍጥር›› ይሉታል። ‹‹ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ›› የተባለ ፋይል በመስኮቱ ላይ ‹‹ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ›› መስሎ ይታያል፤ የፒዲኤፍም ሥዕል ሊለጠፍበት ይችላል። እዚህ ላይ በባለ ሱቁ ደረሰኞች ላይ ጥፋት ያደረሰው የመጨረሻው ነጥብ ሕግ ጠባቂ ይሆናል። ፓይተን ሥዕሉን አያይም፤ የተሰወረ ቅጥያም የለበትም፤ ሰፊክሱን ሲጠየቅ ያለ ማመንታት ‹‹.ኢኤክስኢ›› ብሎ ይመልሳል። በኢሜይል የመጡ ተያያዥ ፋይሎች ሁሉ ከመከፈታቸው በፊት በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ እንዲያልፉ ማድረግና የመጨረሻ ቅጥያቸው በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ የሌለውን፣ ወይም በ‹‹ኤምዜድ›› የሚጀምረውን ማገድ ይቻላል። ፕሮግራም ለሌለው ባለ ሱቅም በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ላይ ‹‹ቪው›› በሚለው ክፍል ገብቶ ቅጥያዎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምልክት ማብራት በነጻ የሚገኝ መከላከያ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚውል የንግድ ቤት ኮምፒዩተር መኖር የለበትም።

ስለ ስም አወጣጥ

የስሙን ክፍል በሚመለከት አስቸጋሪው ነገር ቀን ነው። ከነጥብና ከእዝባር ይልቅ ሰረዝ ቢደረግ፣ ዓመቱ ቀድሞ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኀዝ ቢጻፍ፣ ‹‹2017-02-09›› ከ‹‹2017-02-30›› በፊት በተራው ይሰለፋል። ነገር ግን ይህ ቍጥር ብቻውን ሲታይ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ አቈጣጠር አይታወቅም፤ ከውጭ ሻጭ የመጣው ኢንቮይስና በአገር ውስጥ የተቈረጠው ደረሰኝ በአንድ ፎልደር ሲገናኙ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። ስለዚህ ‹‹ዓም›› የሚለውን ያለ ነጥብ መጨመር ይበጃል። ፕሮግራሙም ቀኑን በፓይተን የቀን መቍጠሪያ ሊመረምር ቢሞክር ተጠንቀቅ ሊባል ይገባዋል፤ ያ መቍጠሪያ የሚያውቀው የአውሮፓውን ብቻ ስለ ሆነ ጥቅምት 30ን ‹‹የፌብሩዋሪ 30 የለም›› በሚል መንፈስ ይጥለዋል፤ ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር በመሆኗ ፈጽሞ አይቀበላትም። የሚከፋው ስሕተት ብሎ የሚጥለው አይደለም፤ ጥቅምት 9ን የካቲት መጀመሪያ ላይ ያለ ቀን አድርጎ በዝምታ የሚቀበለው ነው።

የአማርኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ምንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የፊደላችን ወንድማማችነት ነው። ‹‹ኃይሉ›› እና ‹‹ሀይሉ››፣ ‹‹ፀሐይ›› እና ‹‹ጸሀይ›› ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለፕሮግራሙ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ቢጽፍ የአንድ ደንበኛ ሰነድ በሁለት ስም ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ፍለጋውም ግማሹን ብቻ ያገኛል። ሦስቱን ሀ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን አ፣ ሁለቱን ጸ ለፍለጋ ጊዜ ብቻ ወደ አንድ መልክ የሚመልስ አጭር ሠንጠረዥ በፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈው ስም ግን እንደ ተጻፈ ይቈይ። ርዝመትም ወሰን አለው። በሊኑክስ ላይ አንድ ስም ከ255 ባይት አያልፍም፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ለአማርኛ ስም የሚተርፈው 85 ፊደል፣ ቅጥያው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። የገዢውን ሙሉ ስም፣ የዕቃውን ዐይነትና የመርከቡን ስም በአንድነት የሚደረድር ጸሐፊ ይህን ወሰን ቶሎ ይደርስበታል። በስሙ ጫፍ ‹‹የመጨረሻ››፣ ቀጥሎም ‹‹የመጨረሻ የታረመ››፣ ከዚያም ‹‹እውነተኛው የመጨረሻ›› እያለ የሚጨምር ጸሐፊማ በቢሮው ሁሉ የታወቀ ነው፤ በዚህ ምትክ ተራ ቍጥር ቢጻፍ አጭርም ግልጽም ይሆናል።

አዲስ ፕሮግራም በድርጅቱ ሰነድ ላይ ከመሠራቱ በፊት በቅጂ ላይ መፈተን አለበት፤ ለፈተናውም ንጹሕ ስም ያላቸው ፋይሎች ሳይሆኑ ኃ.የተ.የግ.ማ ያለበት፣ በነጥብ የተጻፈ ቀን ያለበት፣ ቅጥያ የሌለው፣ ቅጥያው በትልቅ ፊደል የተጻፈ፣ አንድ ቀን የሚጋሩ ሁለት ደረሰኞች ተመርጠው ይግቡበት። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ አንዳች ሳይነካ የድሮውን ስምና ሊሰጥ ያሰበውን አዲስ ስም ጐን ለጐን በሠንጠረዥ ያውጣ፤ በአዲሱ ረድፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም ቢገኝ ሥራው አይጀመር። ከተሠራም በኋላ የገቡትና የወጡት ፋይሎች ቍጥር ይመሳከር። በመርካቶው ባለ ሱቅ ምሳሌ ላይ ሠላሳ ገብቶ አንድ መውጣቱን ለማወቅ ይህ ቈጠራ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹም ፎቶግራፎች ሊሰረዙ የሚገባቸው ቈጠራው ከተስማማ በኋላ ነበር።